ዋቢ አጻጻፍ፦ ስሙ፣ ዓመቱ፣ ነጋሪት ጋዜጣውና ከቴሌግራም ያወረድነው ፒዲኤፍ

የመመረቂያ ጽሑፌን ያቀረብኩ ቀን ፈታኙ መጀመሪያ የገለጡት የመጨረሻዎቹን ገጾች ነበር። ስንት ሌሊት ያደርኩበትን ምዕራፍ አራት ዘለሉትና ዋቢዎቹን በእስክሪብቷቸው ጫፍ እየተከተሉ ወረዱ። «እዚህ ጋ ‹ባሕሩ ዘውዴ› የሚባሉ ጸሐፊ አሉ። ታች ደግሞ ‹ዘውዴ፣ ባ.› የሚባሉ አሉ። ይዛመዳሉ እንዴ?» ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ጀርባዬ ግን በላብ ርሷል። አንዱን ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ አይቼ ነበር የጻፍኩት፣ ሌላውን ከኢንተርኔት ገልብጬ ለጥፌው።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ተማሪ ጽሑፍ አይቻለሁ፤ ጥፋቱ ሁሌም ያው ነው። የኤፒኤ (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ያወጣው የዋቢ አጻጻፍ ስልት) መመሪያ ጠፍቶ አይደለም፣ ኢንተርኔቱን ሞልቶታል። ግን የተጻፈው ለአሜሪካ ተማሪ ስለሆነ የእኛን ስም፣ የእኛን ዘመን አቆጣጠርና ነጋሪት ጋዜጣን አስቦ አልተሠራም። ተማሪው የሚወድቀው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ እነዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፣ የነጥብና የቅንፉን ጉዳይ ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ከወዲሁ ያዙልኝ። ዋቢ አድራሻ ነው። አንባቢው እናንተ ያያችሁትን ያንኑ ገጽ ሄዶ እንዲያገኘው የምትሰጡት አቅጣጫ። «ከድልድዩ ወረድ ብለህ ሱቁ ጋ ጠይቅ» ለሰፈር ይሠራ ይሆናል፣ ለጥናት አይሠራም። የትኛውም ሕግ ሲያደናግራችሁ «ሰውየው በዚህ ያገኘዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ ትምህርት ክፍሉን ጠይቁ

የአጻጻፍ ስልቱን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ትምህርት፣ ቋንቋና ቢዝነስ አካባቢ ብዙውን ጊዜ ኤፒኤ ነው። ምህንድስና አይትሪፕልኢን፣ ሕክምና ቫንኩቨርን ይወዳል፤ ሁለቱም በቅንፍ ስም ሳይሆን ቁጥር ነው የሚያስቀምጡት። ሕግ ተማሪ የግርጌ ማስታወሻ ይዞ ይኖራል። ትምህርት ክፍላችሁ የራሱ መመሪያ ካለው ከኤፒኤ ጋር ቢጣላም የሚያሸንፈው እሱ ነው፣ ውጤት የሚሰጣችሁ እሱ ነዋ።

እኔ እዚህ የምከተለው 7ኛውን የኤፒኤ እትም ነው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣውን። አማካሪያችሁ የተማሩት በ6ኛው ከሆነ «የታተመበት ከተማ የት አለ?» ሊሏችሁ ይችላሉ። 7ኛው ከተማውን አስቀርቷል። በትሕትና ንገሯቸው፤ ካላመኑ ጻፉላቸው፣ ለአንድ «አዲስ አበባ» ብላችሁ አትጣሉ።

አንድ፦ እያነበባችሁ መዝግቡ

ዋቢ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው ብሎ የሚያምን ተማሪ፣ ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው ያንን «በጣም አሪፍ አባባል» ከየት እንዳመጣው ሲፈልግ ያድራል። አንድ ነገር ስታነቡ፣ ገና ለመጥቀስ ሳትወስኑ፣ ደብተርም ሆነ ኤክሴል ላይ የጸሐፊውን ሙሉ ስም፣ ዓመቱን፣ ሙሉ ርዕሱን፣ አሳታሚውን ወይም መጽሔቱን፣ ቅጹንና ቁጥሩን፣ ገጹን ጻፉ። መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ስትዋሱ የርዕስ ገጹንና ከጀርባው ያለውን ገጽ በስልክ አንሱት። መጽሐፉ አንዴ ከተመለሰ ሌላ ሰው ይወስደዋል።

የገጽ ቁጥር በተለይ ከእጃችሁ ካለው እትም ጋር የተያያዘ ነው። ፍቅር እስከ መቃብር መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ታትሟል፣ የገጹ አቀማመጥም ከእትም እትም ይለያያል። አዲሱን እትም አንብባችሁ «1958፣ ገ. 210» ብትሉ ፈታኙ የድሮውን ገልጠው ሌላ ነገር ያገኛሉ። ያነበባችሁትን እትም ዓመት ጻፉ።

ከቴሌግራም የሚወርደው ፒዲኤፍስ? ሁላችንም እናወርዳለን፣ አንዋሸንም። ችግሩ አንዳንዱ ሽፋን የለው፣ ዓመት የለው፣ መሀሉ ላይ ገጽ ጎድሎታል። ምንጩ መጽሐፉ ነው እንጂ ቻናሉ አይደለም፤ «ምንጭ፦ ቴሌግራም» ብሎ መጻፍ «ምንጭ፦ ፖስታ ቤት» እንደማለት ነው። የመጽሐፉን ርዕስ ይዛችሁ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ ፈልጉና ዓመቱንና አሳታሚውን ከዚያ አሟሉ። ማንነቱ ጨርሶ ካልታወቀ አትጥቀሱት።

ሁለት፦ ጽሑፉ ውስጥ

ለምሳሌ እንዲሆነን አበበ በሶበላ የሚባል ጸሐፊ አለ እንበል፣ ያው ፊደል ስንቆጥር በሶ ይበላ የነበረው አበበ። ጓደኛው ጫላ ጩቤጨበጠም ተመራማሪ ሆኗል። መጽሐፎቻቸውን ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ እንዳትፈልጉ፣ የሉም።

ሐሳቡን በራሳችሁ ቃል ስትጽፉ ሁለት መንገድ አለ፦

አበበ (2012) የበሶ ዋጋ ከገብስ ዋጋ ጋር አብሮ እንደሚወጣ ያስረዳል።

የበሶ ዋጋ ከገብስ ዋጋ ጋር አብሮ ይወጣል (አበበ፣ 2012)።

አራት ነጥቡ ከቅንፉ በኋላ መሆኑን አስተውሉ። ቃል በቃል ከወሰዳችሁ ግን የትእምርተ ጥቅስ ምልክትና ገጽ ግዴታ ነው፦ (አበበ፣ 2012፣ ገ. 34)። ጸሐፊዎቹ ሁለት ከሆኑ ሁልጊዜ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ አበበ እና ጫላ (2014)። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ከመጀመሪያው ጥቅስ ጀምሮ «አበበ እና ሌሎች» ይበቃል። አንድ ቅንፍ ውስጥ ብዙ ምንጭ ካለ በድርብ ሰረዝ ይለያያል፦ (አበበ፣ 2012፤ ጫላ፣ 2014)።

ጥቅሱ 40 ቃልና ከዚያ በላይ ሲሆን ለብቻው ይወርዳል፣ ከግራ 1.27 ሴንቲ ሜትር ገባ ይላል፣ የጥቅስ ምልክቱ ይቀራል፣ ቅንፉም ከአራት ነጥቡ በኋላ ይመጣል። እዚህ ላይ ትንሽ ላጉረምርም። 40 ቃል በእንግሊዝኛ አጭር አንቀጽ ነው፣ በአማርኛ ግን «አልነገርኩህም» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ለዚህ አምስት ቃል ያወጣል። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ 40 ቃል ሳይሞላ ጥቅሱ ገጹን ሊውጠው ይችላል። እኔ ከአራት መስመር ካለፈ አውርዱት እላለሁ፣ አማካሪያችሁን አስፈቅዳችሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብባችሁ ራሳችሁ ወደ አማርኛ የመለሳችሁት ዓረፍተ ነገር በኤፒኤ ዓይን ቃል በቃል ጥቅስ አይደለም። በራስ ቃል እንደተጻፈ ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ የጥቅስ ምልክት አያስፈልገውም፣ ስሙና ዓመቱ ግን የግድ ነው። «ተርጉሜዋለሁ፣ አሁን የእኔ ነው» የሚባል ነገር የለም። የተቀዳ ጽሑፍ የሚያጋልጠው ማመሳሰያ ሶፍትዌር በቋንቋ ምክንያት ላይይዘው ይችላል፣ ሁለቱንም ያነበበ ፈታኝ ግን ይይዘዋል።

ሌላው፣ የጫላን ሐሳብ ያገኛችሁት አበበ መጽሐፍ ውስጥ ከሆነ ጫላን ያነበባችሁ አትምሰሉ። (ጫላ፣ 2003፣ በአበበ፣ 2012 እንደተጠቀሰው) ተብሎ ይጻፋል፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው አበበ ብቻ ነው። ይህንንም አታብዙት፤ ዋናው ከተገኘ ዋናውን አንብቡ።

ሦስት፦ ስም፣ ዋናው መዘዝ

የውጭው መመሪያ «የቤተሰብ ስም፣ ከዚያ የራስ ስም በአንድ ፊደል» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ባሕሩ ዘውዴ ሲባል ሰውየው ባሕሩ ናቸው፣ ዘውዴ አባታቸው። «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ መጻፍ ልጁ የጻፈውን ለአባት መስጠት ነው። አይስላንዶችም እንደኛ በአባት ስም የሚጠሩ ሕዝቦች ናቸው፣ የስልክ ማውጫቸው ሳይቀር በራስ ስም ነው የሚደረደረው።

ስለዚህ አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ምንም ኮማ ሙሉ ስም ጻፉ፦ ባሕሩ ዘውዴ። ፊደል ተራውም በ«በ» ስር። ጽሑፉ ውስጥ የራስ ስም ይበቃል፤ ሁለት አበበ ካሉ ግን የአባት ስም ጨምሩ፣ (አበበ በሶበላ፣ 2012)። የፈረንጅ ጸሐፊ በራሱ ደንብ በቤተሰብ ስሙ ይገባል።

እንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ነው ጠቡ። ግማሹ መምህር ገልብጡ ይላል፣ ግማሹ እንዳለ ተዉት ይላል። የኢትዮጵያ ጥናት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ እንዳለ ነው የሚጽፉት፣ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካም ኢትዮጵያውያንን የሚያስገባው በራስ ስማቸው ነው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ነገር ግን ትምህርት ክፍላችሁ ገልብጡ ካለ ሁሉንም ገልብጡ። የእኔ ውርደት የመጣው ከምርጫው አልነበረም፣ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ በማድረጌ ነው።

ማዕረግ አይገባም። ዶክተር፣ ፕሮፌሰር፣ አቶ፣ ወይዘሮ፣ መጋቢ ሀዲስ ሁሉ ይቀራሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ዝርዝሩ ውስጥ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው፣ «ብ» ስር አትፈልጓቸው። በተቃራኒው ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ የስም አካል ናቸው እንጂ ለብቻቸው ስም አይደሉም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «ገብረ (1916)» ማለት ሰውየውን ግማሽ ማድረግ ነው። «ገ/ሕይወት» የሚለውንም አሳጥሮ መጻፍ ተዉ፣ ዝርዝሩን በፊደል ተራ ስታስይዙ ያበላሽባችኋል።

አራት፦ ዓመት

ደንቤ ቀላል ነው፤ መጽሐፉ ላይ የታተመውን ዓመት ጻፉ። አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ የአማርኛው መጽሐፍ በዓ.ም. ይገባል፣ የእንግሊዝኛው ዓመት አጠገብ «እ.ኤ.አ.» ይጨመራል፣ መግቢያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ይቀመጣል።

እንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሆነ መቀየር አለባችሁ፣ እዚህ ላይ ነው ሁሉም «ስምንት ደምር» ብሎ የሚያልፈው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ የሚደመረው ሰባት ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ ስምንት። ወሩ ከታወቀ ቁርጡን ጻፉ። ካልታወቀ ሁለቱንም በአንድ ላይ፦ 1958 ዓ.ም. በፈረንጁ 1965/66 ነው። ደግሞ የአንድ ሰው ሁለት ሥራ በሁለት አቆጣጠር ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ያታልላል። 2005 ዓ.ም. የታተመው ከ2010 እ.ኤ.አ. በኋላ የመጣ ነው፣ ቁጥሩ ግን ያነሰ ይመስላል። ደርድሩ በእውነተኛው ጊዜ።

አምስት፦ ዝርዝሩ

መሠረቱ አራት ጥያቄ ነው፦ ማን፣ መቼ፣ ምን፣ የት። መጽሐፍ እንዲህ ይሆናል፦

አበበ በሶበላ (2012)። የበሶ ገበያ በአዲስ አበባ። ጮማ አሳታሚ።

የመጽሔት ጽሑፍ ደግሞ፦

ጫላ ጩቤጨበጠ (2014)። የጩቤ አያያዝ ታሪክ። የስለት ጥናት መጽሔት፣ 6(2)፣ 41–58።

እዚህ 6 ቅጽ ነው፣ 2 ቁጥር፣ የቀረው ገጽ። ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) ካለው መጨረሻ ላይ እንደ ሙሉ ሊንክ ይለጠፋል፣ ከኋላው ነጥብ አይደረግም። በመጽሐፍ ጋደል የሚለው (ኢታሊክ የሚሆነው) ርዕሱ ነው፣ በመጽሔት ደግሞ የመጽሔቱ ስምና ቅጹ። በግእዝ ፊደል ጋደል ያለ ጽሑፍ ዓይን እንደማይስብ አውቃለሁ፤ አንዳንድ ትምህርት ክፍል በዚህ ምክንያት ደማቅ ያስደርጋል። አንዱን ያዙ።

የማስተርስ ጽሑፍ ስትጠቅሱ ከርዕሱ ቀጥሎ በካሬ ቅንፍ [ያልታተመ የማስተርስ ጥናታዊ ጽሑፍ] ብላችሁ ዩኒቨርሲቲውን አስከትሉ። ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ያወረዳችሁት ከሆነ «ያልታተመ» ይቀርና ዩኒቨርሲቲው ካሬ ቅንፉ ውስጥ ገብቶ ሊንኩ ይጨመራል። ጋዜጣ ከሆነ ቀኑና ወሩም ይገባል፣ ጽሑፉ ውስጥ ግን ዓመቱ ብቻ። ድረ ገጽ ቀን ከሌለው (ቀን ያልተጠቀሰ) በሉ፣ ዛሬ የከፈታችሁበትን ቀን የታተመበት አታድርጉት።

የመንግሥት ሪፖርት ጸሐፊው መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ሽፋኑ ላይ ባለው ስም። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተብሏል፤ የድሮውን ሪፖርት በአዲሱ ስም ካስገባችሁት አንባቢው ያጣዋል።

አዋጅ የብቻው ጉዳይ ነው። ኤፒኤ ለሕግ የአሜሪካ ጠበቆችን ደንብ ነው የሚከተለው፣ ለነጋሪት ጋዜጣ አይገጥምም። እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ።

የጋዜጣው ዓመትና ቁጥር አናቱ ላይ ስላለ ጨምሩበት። ጽሑፉ ውስጥ ከገጽ ይልቅ አንቀጽ ይጠቀሳል። አሁን ልብ በሉ፤ ነጋሪት ጋዜጣ በአንድ ገጽ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው፣ አማርኛው 1156/2011 ሲል እንግሊዝኛው 1156/2019 ይላል። ሁለት አዋጅ አይደለም! ሕገ መንግሥቱም በአማርኛው 1/1987፣ በእንግሊዝኛው 1/1995 ነው። የቤተሰብ ሕጉን 213/1992 እና 213/2000 ብሎ ሁለት ቦታ የዘረዘረ፣ አልፎም ሁለቱን «ያነጻጸረ» ተማሪ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቃለ መጠይቅ ላይም ግርታ አለ። ለጥናቱ ያነጋገራችኋቸው መረጃ ሰጪዎች ምንጭ ሳይሆኑ የራሳችሁ መረጃ ናቸው፣ ዋቢ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። ፎክሎር የሚሠሩ ተማሪዎች ዝርዝራቸውን አባሪ ላይ ያደርጉታል፣ ያ ጥሩ ነው፣ ስማቸው እንዲወጣ ከፈቀዱ። ከጥናቱ ውጪ በስልክ ወይም በኢሜይል የጠየቃችሁት ባለሙያ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ ብቻ ከነቀኑ ይጠቀሳል፤ አንባቢው ሄዶ ሊያገኘው ስለማይችል ዝርዝሩ ውስጥ ቦታ የለውም።

እና ቻትጂፒቲ። ዋቢ እንዲሰጣችሁ አትጠይቁት። የሌለ መጽሐፍ ከነገጹ አሳምሮ ይፈጥራል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች እሱ የፈጠራቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። እናንተን ዶላር የሚጠይቃችሁ የለም፣ ዲግሪው ግን አለ። ለሌላ ሥራ ከተጠቀማችሁበትና መምህሩ ከፈቀዱ በግልጽ ተናገሩ፣ ሠሪውን ኦፕንኤአይን እንደ ጸሐፊ አድርጋችሁ።

ስድስት፦ ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ

ዝርዝሩ በአዲስ ገጽ ይጀምራል፣ ርዕሱ መሀል ላይ በደማቅ። ቁጥርም ነጥብም አይደረግበትም፣ የመስመር ክፍተቱ ድርብ ነው። የመጀመሪያው መስመር ከዳር ይነሳል፣ ቀጣዮቹ 1.27 ሴንቲ ሜትር ገባ ይላሉ። በስፔስ እየገፋችሁ አትሠቃዩ፤ ሁሉንም ምረጡና ኮንትሮልና ቲ ተጫኑ፣ አለቀ።

ዞተሮ የሚባለው ዋቢ መዝግቦ የሚያደራጅ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ተማሩት። የጸሐፊ ስም ስታስገቡ ሁለት ሳጥን ይሰጣችኋል፣ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትነኩ አንድ ሳጥን ይሆናል። የኢትዮጵያዊ ሙሉ ስም እዚያ ሲገባ አይገለብጠውም፣ በአንድ ፊደልም አያሳጥረውም። ከጉግል ስኮላር የምትቀዱትን ግን አትመኑት፤ እኔን ፈታኝ ፊት ያዋረደኝ እንደዚህ ተቀድቶ የተለጠፈ ነገር ነው።

በፊደል ተራ ስታስደረድሩ ኮምፒውተሩ «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያየው። ሐዲስ ዓለማየሁ አንድ ቦታ በ«ሐ»፣ ሌላ ቦታ በ«ሀ» ከተጻፉ ሁለት ሰው ሆነው ይቀመጣሉ። ኅሩይማ «ቸ»ን አልፈው ከ«ነ» በፊት ነው የሚገኙት። መጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለውን ፊደል ተከተሉ። አማርኛና እንግሊዝኛ ምንጮች ሲቀላቀሉ በተለመደው መንገድ አማርኛውን አስቀድሙ፣ እንግሊዝኛውን አስከትሉ።

ሰባት፦ ማመሳከር

ይህ ሥራ አንድ ከሰዓት ይፈጃል፣ ቡና አስፈሉበት። ዝርዝሩን አትሙት። ከዚያ ጽሑፉን ከገጽ አንድ እያነበባችሁ ቅንፍ ባገኛችሁ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ያንን ስም ምልክት አድርጉበት። ቅንፉ ውስጥ ኖሮ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ስም ካለ ጨምሩ። ዝርዝሩ ላይ ኖሮ ምልክት ያላገኘ ካለ አውጡት፣ ምንም ያህል ትልቅ ሰው ቢሆን፤ ዋቢ ዝርዝር ያነበባችሁት ሁሉ የሚታይበት ሳይሆን የጠቀሳችሁት ብቻ የሚቀመጥበት ነው። ዓመቶቹንም አስተያዩ፣ ጽሑፉ ውስጥ 2012 ዝርዝሩ ላይ 2013 የሚሉ ብዙ ናቸው።

ስትጨርሱ ዝርዝሩን ለጓደኛችሁ ስጡትና ሦስት ምንጭ በዕጣ አስመርጡት። በስልኩም ይሁን በካታሎግ ፈልጎ ያግኛቸው። አንዱን ካጣው፣ ማስረከቢያው ገና ሳይደርስ ነው ያወቃችሁት።